የወላይታ ጉልበት፦ ከዳሞታ ዋሻ እስከ ሱስዋ መስመር

ወላይታ ሶዶ አጠገብ ካለው የኃይል መለወጫ ጣቢያ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ይነሳል። ደቡብን ይዞ ይወርዳል፤ ድንበር ይሻገራል፤ 1,045 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሱስዋ ያርፋል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ለኬንያ ኤሌክትሪክ የምትሸጠው በዚህ መስመር ነው። በሶዶ ዙሪያ ባለው ገጠር ደግሞ እናቶች ዛሬም የማገዶ እንጨት አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ቁልቁለት ይወርዳሉ።

የትምህርት ቤት የፊዚክስ መጽሐፍ ሽቦውንና ሸክሙን በአንድ ምዕራፍ ያገናኛቸዋል። ምዕራፉ «ሥራ፣ ኢነርጂና ኃይል» ይባላል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ቀመሩን ሸምድደው ያልፉታል፤ ወላይታ ላይ ግን ምዕራፉን ከተራራው፣ ከጓሮው፣ ከቀጥቃጩ ቤትና ከግድቡ ማንበብ ይቻላል።

በመጀመሪያ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። ዕለታዊው አማርኛ ጉልበት፣ አቅምና ኃይል የሚሉትን እንዳመቸው ያፈራርቃቸዋል። ፊዚክስ ግን ለእያንዳንዱ ድርሻውን ይሰጠዋል። አንድን ነገር የሚገፋው ወይም የሚጎትተው ጉልበት ነው፤ በኒውተን ይለካል። ጉልበቱ ነገሩን ካንቀሳቀሰው ሥራ ተሠራ ይባላል፤ መጠኑም ጉልበቱን ነገሩ በተንቀሳቀሰበት ርቀት በማባዛት ይገኛል፤ መለኪያው ጁል ነው። ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ስንቅ ኢነርጂ ነው፤ እሱም በጁል ይለካል። ሥራው የሚሠራበት ፍጥነት ኃይል ይባላል፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ጁል ሲሠራ አንድ ዋት ይሆናል። አንድ ኪሎ ስኳር ከመሬት አንስቶ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ 10 ጁል ያህል ይፈጃል። ለዚህ ታሪክ ይህች ቁጥር ትበቃለች።

ባልጩትና እሳት

ከሶዶ ከተማ በላይ ዳሞታ ተራራ ይታያል። በደቡብ ምዕራብ ተዳፋቱ ላይ ሞቼና ቦራጎ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህ ስፍራ ባካሄዱት ቁፋሮ ከ50,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው አሻራ አግኝተዋል። ከግኝቶቹ መካከል ብዛት ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች አሉ።

ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ነው። የዋሻው ሰው ይህን ድንጋይ ሲጠርብ የሠራው ሥራ በጁል ቢሰላ ኢምንት ነው። ጥበቡ ያለው አነስተኛ ጉልበት በቀጭን ስለት ላይ እንዲያርፍ ማድረጉ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ጉልበት በሰፊ ነገር ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ በስለት ላይ ሲያርፍ ቆዳ ይበጥሳል፣ ሥጋ ይቆርጣል። የባልጩት ስለት ኢነርጂ አይጨምርም፤ የክንዱን ጉልበት ግን የት እንደሚያርፍ ይወስንለታል።

እሳት ሌላ በር ከፈተ። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ የሚያዝዘው ኢነርጂ በሆዱ ያለፈው ምግብ ብቻ ነበር። ማገዶ ሲያቀጣጥል ግን ዛፉ ለዓመታት ከፀሐይ ያጠራቀመውን በአንድ ምሽት ማውጣት ቻለ። በወላይታ ገጠር ሦስት ጉልቻ ላይ ዛሬ የሚነደው እሳት መነሻው ያው ነው።

ጓሮው እንደ ጎተራ

ወላይታ ቤት በጓሮው ይታወቃል፤ ጓሮው በእንሰቱ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ዓመታት ሰፊው ቅጠሉ የፀሐይን ብርሃን እየተቀበለ ስኳርና ስታርች ይሠራል፤ በግንዱና በሥሩም ያከማቻል። ፀሐይ ሲጠነክር አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ተክል ከዚህ ውስጥ በምግብ መልክ የሚያስቀረው በመቶኛ ሲሰላ ከጥቂት አይበልጥም። የእንሰት ብልጫው ያስቀረውን ሳያባክን መጠበቁ ነው። ዝናብ ቢቀር፣ በቆሎው ቢጠወልግ፣ ባለቤቱ ወደ ጓሮው ዞሮ የሚቆርጠው አለው። በፊዚክስ ቋንቋ እንሰት የተከማቸ የኬሚካል ኢነርጂ ነው፤ በቤቱ ቋንቋ የክፉ ቀን መውጫ ነው።

ክምችቱ ወደ ማዕድ የሚመጣው በሴቶች ጉልበት ነው። ተቆርጦ የተላጠው የእንሰት አካል ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይያዛል፤ ሴትየዋ በመፋቂያው ከላይ ወደ ታች ደጋግማ ትፍቀዋለች። እያንዳንዱ ፍቆት ጉልበት ሲባዛ በርቀት ነው፤ የመጽሐፉ ቀመር በሳንቃው ላይ ሲሠራ ይታያል። ጭረቱ ለብቻ፣ ሊጡ ለብቻ ይወጣል፤ ሊጡ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ሙቹዋና ባጭራ በቅቤ ርሰው በበዓል ገበታ ላይ ሲቀርቡ፣ ከበስተኋላቸው የፀሐይ ዓመታትና የሴቶች ቀናት አሉ።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይመገባል እንበል። ይህ በጁል ሲመነዘር 10.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ በመብራት ቆጣሪ ቢለካ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለሃያ አራት ሰዓት ሲከፋፈል በአማካይ 120 ዋት ይደርሳል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎችን የሚያህል እሳት በውስጡ ይዞ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሰውነትን በማሞቅና በሕይወት በማቆየት ያልቃል። ለመቆፈር፣ ለመፍጨትና ለመሸከም የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ብርቱ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሊያዘልቀው የሚችለው ኃይል 75 ዋት ገደማ ነው። ለሺህ ዓመታት ሰው በክንዱ የሠራው ሁሉ የተሠራው በዚህች 75 ዋት ነው።

ወናፍና መዶሻ

ከክንዳቸው አቅም በላይ የሆነ ሙቀት ማዘዝን ያወቁት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንዱ ወናፉን ያናፋል፤ ሌላው ብረቱን በጉጠት ይዞ ይጠብቃል። ወናፉ ለከሰሉ አየር ይመግበዋል፤ ከሰሉ በፍጥነት ሲነድ ብረቱ ይቀላል፤ ቀጥሎም እንደ ወርቅ ያበራል። ያኔ ከእሳቱ ወጥቶ መቀጥቀጫው ላይ ያርፋል።

ሁለት ኪሎ መዶሻ አንድ ሜትር ሲነሳ 20 ጁል ይቆጥባል። ሲወርድ ይህ ኢነርጂ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል፤ ብረቱን ሲመታ ደግሞ ብረቱን ወደ መጠፍጠፍ፣ ወደ ድምፅና ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቀጥቃጩ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢመታ 600 ጁል ሠራ፤ ኃይሉ 10 ዋት ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ግን ወደ 30 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ማረሻውን ያለሰለሰው ሙቀቱ ነው፤ ክንዱ መልክ ሰጠው። ብረት ሳይግል መቀጥቀጥ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ የሚያውቅ ቀጥቃጭ ይህን ለመረዳት ቀመር አላስፈለገውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በወላይታም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፤ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለዋል። ማረሻው የእነሱ ነበር፤ ድስቱ የእነሱ ነበር። የአገሩን ኢነርጂ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው የሚለውጡትን እጆች ማራቅ በደል ነበር፤ ርዝራዡም ገና አልጠፋም።

የኬላው ሒሳብ

የወላይታ መንግሥት በካዎዎች፣ ማለትም በነገሥታት፣ ይመራ ነበር። ከዘመናቸው ከቀሩት ምልክቶች ውስጥ በካዎ አማዶና በካዎ ኢጃጆ ስም የሚጠሩት ኬላዎች፣ ማለትም የድንጋይና የአፈር መከላከያዎች፣ ይገኛሉ። ከኦሞ ማዶ ጎረቤት ዳውሮም የሃላላን ኬላ አቁሟል። ማሽን በሌለበት ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ኢነርጂ ጠየቀ?

መልሱ ያስደንቃል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ከጉድጓድ ሁለት ሜትር ከፍ ማድረግ 31,000 ጁል ገደማ ነው፤ በምግብ ሲመነዘር ስምንት ኪሎ ካሎሪ አይሞላም፤ ከአንድ ጉርሻ አይበልጥም። በዚህ ሒሳብ 75 ዋት ያለው ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ከ60 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ማውጣት በቻለ ነበር። በተግባር ግን ጎበዝ ቆፋሪ በቀን ከጥቂት ሜትር ኩብ አያልፍም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሰውነት ነው። ቆፋሪው ባጎነበሰና በተነሳ ቁጥር ከአፈሩ ጋር የራሱን ደረት፣ ክንድና ራስ ያነሳል። መሬቱን ለመፈርከስ የሚያወጣው ኢነርጂ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበተናል። ጡንቻ ከምግብ ያገኘውን ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይወጣል። ኬላው ፊት የሚቆም ተማሪ የሚያየው ድንጋይና አፈር ያን ሁሉ ላብ አልፎ የቀረውን ነው።

ሰውነት ሌላም ገደብ አለው፤ ደቦ የሚፈታው እሱን ነው። አንድ ሰው የወደቀ ግንድ እስኪያልበው ቢገፋና ግንዱ ካልተነቃነቀ፣ ሰውዬው ቢደክምም በግንዱ ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው። አምስት ሰዎች አብረው ሲገፉ ግንዱ ይንከባለላል። የአንዱ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሊያልፈው ያልቻለውን ገደብ የአምስቱ ድምር አለፈው። የደቡብ ገበሬ እርሻውን፣ ቤት ሥራውንና አጨዳውን በደቦና በወንፈል ሲያከናውን የኖረው ይህን በልምድ ስለሚያውቅ ነው።

በሬው ሲሞትና ጉልበቱ ሲወሰድ

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታ ኢትዮጵያን አጠፋት። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተከተለ። አንድ ጥንድ በሬ የብዙ ሰው ኃይል አለው። የሚተካው ሞተር በሌለበት አገር የበሬ ሞት ማለት የአገሪቱ የኃይል ምንጭ በአንድ ጊዜ ጠፋ ማለት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ ሲዘምቱ ያ ቁስል አልጠገገም ነበር። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ብርቱ ውጊያ ካደረጉ በኋላ ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳትሟል። ከድሉ በኋላ ከወላይታ ብዙ ከብት ተነዳ፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ። ሁለቱም ጉልበት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት የሰውን ጉልበት በግዴታ ቆጠረው። በደቡብ ኢትዮጵያ ገባር የነበረ ገበሬ ከእህሉ ከመክፈሉ ሌላ ለጌታው ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ የቤተሰቡ ሴቶች ይፈጫሉ። ሥራውን አንዱ ይሠራዋል፣ ፍሬውን ሌላው ይወስደዋል። የሥራ ቀመር ሥራው ለማን እንደተሠራ አይናገርም፤ ታሪክ ግን ይናገራል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ሲሽር፣ በወላይታ መንደሮች የተሻረው ዋነኛ ነገር ይኸው ነበር።

የሕዝቡ ቁጥር በርክቶ መሬቱ ሲጠብ የወላይታ ወጣት ጉልበቱን ይዞ መውጣት ጀመረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አገዳ ለመቁረጥ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ሠራተኛ ሄደ፤ ወደ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎችም ወረደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመውና በምሕጻረ ቃል «ዋዱ» የሚባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ ከደጋው የተወሰኑ ገበሬዎችንም ወደ አበላ ቆላ አሰፈረ።

በየገበያው ደግሞ የወፍጮ ቤት ድምፅ መሰማት ጀመረ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል። ሞተሩ ሲሶውን እንኳ ወደ ሥራ ቢለውጥ ከሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ብርቱ ሰው በስምንት ሰዓት የሚሠራው ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለማያልፍ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ የአምስት ቀን የሰው ሥራ ሆነ። ወፍጮ ቤት ሲመጣ ከወላይታ እናቶች ትከሻ የወረደው ሸክም ይህን ያህል ነበር፤ ሌሊት ተነስቶ ድንጋይ ላይ ማጎንበስ የቀረው በዚህ ሒሳብ ነው።

አጆራ እና የጁል ቴርሞሜትር

በወላይታና በከምባታ ወሰን ላይ አጃጮና ሶኬ የተባሉ ሁለት ወንዞች ከገደል አፋፍ ጎን ለጎን ይወረወራሉ። አጆራ ፏፏቴ ይህ ነው። ውሃው ከመቶ ሜትር በላይ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ጭጋግ ያስነሳል።

ፏፏቴ አይቶ ቴርሞሜትር ያሰበ ሰው ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ጁል በማንቸስተር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1818 ከቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ተወለደ። ውሃ ውስጥ የሚዞር መቅዘፊያ ሠርቶ፣ መቅዘፊያውን በገመድ ከተንጠለጠሉ ክብደቶች ጋር አያይዞ፣ ክብደቶቹ ሲወርዱ ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ይለካ ነበር። ሥራና ሙቀት የአንድ ነገር ሁለት መልኮች መሆናቸውን በዚህ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1847 በሠርጉ ሰሞን በአልፕስ ተራሮች ሲጓዝ ሳለ ወዳጁ የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን ቴርሞሜትር ይዞ አገኘው። ጁል ከፏፏቴ ሥር ያለው ውሃ ከአናቱ ይሞቅ እንደሆነ ሊለካ አስቦ ነበር።

ሐሳቡ ትክክል ነበር። አንድ ኪሎ ውሃ መቶ ሜትር ሲወድቅ 981 ጁል ያህል ያጣል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የውሃው ሙቀት በ0.23 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። በተግባር ነፋስና ትነት ልኬቱን ያበላሹታል፤ ጭጋጉ ወደ አየር ሲበተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ኢነርጂ ግን አይጠፋም። አጆራ አናት ላይ የነበረው ሥር ሲደርስ ድምፅ፣ ነፋስ፣ ጭጋግና ጥቂት ሙቀት ሆኗል። ሲወድቅ ተርባይን ቢያገኝ ኤሌክትሪክ በሆነ ነበር።

አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ

እንዲህ ያለ ተርባይን ከሶዶ በስተምዕራብ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል በሚያልፈው ኦሞ ወንዝ ላይ ቆሟል። በዚያ የቆመው የጊቤ 3 የኃይል ማመንጫ ግድብ ግንባታ በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሐይቁ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይዘልቃል። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመሩ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የመረቁት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የወላይታ ቦሎሶ ሶሬ ተወላጅ ናቸው። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም የመሩና ያስተማሩ መሐንዲስ ነበሩ።

አሥር ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት። ይህ ቁጥር በጋዜጣ ሲነበብ ትርጉም አይሰጥም፤ ወደ ሰው ሲመነዘር ይገባል። አንድ ሠራተኛ 75 ዋት ከሆነ፣ ጊቤ 3 በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የ25 ሚሊዮን ሰዎችን ኃይል በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ሌሊትም፣ በበዓልም። በአንድ ሰከንድ የሚያመነጨው የ178 ሰዎችን የቀን ምግብ ያህላል።

አሠራሩ ከቀጥቃጩ መዶሻ አይለይም። መዶሻው ከፍ ሲል ኢነርጂ ይይዛል፤ ሲወርድ ይሠራል። እዚህ ውሃውን ከፍ ያደረገችው ፀሐይ ናት፤ ከባሕር አትንና በደጋው ላይ አዘነበችው። ግድቡ ከፍታውን ይጠብቅለታል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 200 ሜትር ቢወርድ ወደ 2 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል፤ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ውሃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ማግኔቱን ያዞራል፤ ማግኔቱ በመዳብ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ለይቶታል።

ከሁሉ የሚያስደስተው የጊቤ ሰንሰለት ነው። የግልገል ጊቤ ውሃ በ1996 ዓ.ም. በተመረቀው በጊቤ 1 ይሠራል። ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው በጊቤ 2 ዳግም ይሠራል፤ ኦሞን ተቀላቅሎ ጊቤ 3 ሲደርስ ለሦስተኛ ጊዜ ይሠራል። ውሃው አልተበላም፤ የጠፋው ከፍታው ነው። ከታች እየተገነባ ያለው ኮይሻ ደግሞ የቀረውን ከፍታ ይጠብቃል።

ይህ ኢነርጂ ዋጋ አለው። የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች የወንዙ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ሲገባ የወንዙ ባሕርይ ተለወጠ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ ጊቤ 3ን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። ስለ ሜጋ ዋት የሚማር ተማሪ ይህንንም አብሮ መማር አለበት።

ሶዶ ላይ የሚለወጠው

የጊቤ 3 ኤሌክትሪክ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሶዶ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ይሄዳል። ወደ ኬንያ የሚሄደው ግን ሶዶ ላይ ባሕርዩን ይለውጣል። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ተለዋዋጭ ነው። የመለወጫ ጣቢያው ይህን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል፤ ሱስዋ ሲደርስ ተመልሶ ተለዋዋጭ ይሆናል።

የዚህ ድካም ምክንያት ብክነትን መቀነስ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፤ ያ ሙቀት የጠፋ ኢነርጂ ነው። ብክነቱ የሚወሰነው በፍሰቱ ሁለተኛ እርከን ነው፦ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያው ኃይል በአነስተኛ ፍሰት እንዲያልፍ። የሶዶ–ሱስዋ መስመር አንዱ ሽቦ በአወንታዊ፣ ሌላው በአሉታዊ 500 ኪሎ ቮልት ይሠራል፤ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። በዚህ ርቀት ቀጥተኛው ከተለዋዋጩ ያነሰ ያባክናል፤ የሁለቱን አገሮች መረቦችም እርምጃቸውን እኩል ማድረግ ሳያስፈልግ ያገናኛል።

ሸክሙ አሁንም አለ

ሠላሳ ኪሎ ደረቅ እንጨት 450 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል፤ 125 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ግን ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ወደ ድስቱ ይገባል፤ የቀረው ወደ ጣሪያ፣ ወደ ጭስና ወደ እናቲቱ ዓይን ይሄዳል። እሷም ያን እንጨት ስትሸከም ፊዚክስ ለብዙ ተማሪዎች ግራ የሚሆን ነገር ይናገራል፦ ሜዳ ላይ ስትሄድ ሸክሟን ከፍ ስላላደረገችው በስበት ላይ የሠራችው ሥራ የለም። ድካሟ ግን እውነት ነው። ጡንቻ ክብደት ይዞ ለመቆም ብቻ እንኳ ያለማቋረጥ ይኮማተራል፤ ምግብ ያቃጥላል። ቀመሩ ሸክሙን ይለካል፤ ተሸካሚዋን አይለካም።

ለዚህ የተሰጡ መልሶች አሉ። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን በመክደን የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። በወላይታዋ ሁምቦ ደግሞ ገበሬዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከወርልድ ቪዥንና ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ መልሰው ደን አልብሰዋል። አብዛኛው ዛፍ አልተተከለም፤ ከተቆረጠ ጉቶ የሚወጣውን ቡቃያ እየገረዙና እየጠበቁ አሳደጉት። በምድር ውስጥ የቀረው ሥር የፀሐይን ኢነርጂ እንደገና መሰብሰብ ጀመረ።

ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አገኘ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የኤሌክትሪኩ መስመር ከደጇ ይነሳል፤ ፏፏቴው፣ ተራራውና ኬላው በዞኑ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለወላይታ የፊዚክስ መምህራን የሚቀርበው ጥሪ ቀላል ነው፦ ምዕራፉን ስታስተምሩ ልጆቹን ከክፍል አውጧቸው። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ዳሞታን 800 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ 470,000 ጁል ያህል ይሠራል፤ በሁለት ሰዓት ከጨረሰው ኃይሉ 65 ዋት ነው። ለዚህ ልኬት ሚዛን፣ ሰዓትና የከፍታ ካርታ ይበቃሉ፤ ተራራው ከከተማው በላይ ነው።